ጅሬን ላይ ግቢያችን ድንጋይ ሲለብስ

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ የግቢያችንን ፊት ማስነጠፍ ጀመረ። የምንኖረው ጂማ፣ አወቱ መንደራ ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከውጭ በር እስከ ሳሎን ጭቃ እየጎተትን መግባት ሰልችቶታል። ወጣቶች መጥተው የሲሚንቶ ንጣፍ ድንጋይ ከአጥሩ ሥር ከመሩ። አንዱ በስልኩ ዘፈን ከፍቷል፣ ሌላው ተንበርክኮ በላስቲክ መዶሻ ይመታል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። በመሃል እርጥብ አሸዋ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ መጣብኝ፤ እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ልጄ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ምን ልበለው? ሃያ ዓመቴ ነበር ልበለው?

ያኔ የአባቴ ቤት ጅሬን ነበር፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ። ቦታው ሲያዩት ያምራል። ጂማ ከታች ተዘርግታ ትታያለች፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። ግን አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ ሲያርሰው ሳሙና ይሆናል። እናቴ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከማድ ቤት ስትወጣ እዚያው ጭቃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋን ሰበረች። ወጌሻውም ሐኪሙም የሚችሉትን አደረጉ፣ እሷም በጋውን ሙሉ ተኝታ፣ በምርኩዝ ከክፍል ክፍል መሄድ ጀመረች። ደጅ ልትወጣ ነው ስንል ግን ዝናቡ ቀድሞ መጣ። ጭቃውን ስታይ ከደፍ ትመለሳለች።

እናቴ የግቢ ሰው ነበረች። ጠዋት የማንጎዋን ሥር ጠርጋ እዚያ ትቀመጥ ነበር፤ ጎመን የምትቀነጥሰውም፣ ጎረቤት የምትቀበለውም፣ እኛን የምትቆጣውም እዚያ ነው። አሁን አልጋዋን መስኮቱ ሥር አደረግንላት። መጀመሪያ ላይ በመስኮት ሰው ትጣራ ነበር። ኋላ መጣራቱን ተወች። ቆየት ብሎ ደግሞ ስናናግራት ብቻ የምትመልስ ሆነች። ቤት ውስጥ አብራን እያለች ከእኛ እየራቀች ነበር፤ እኔ የማስታምማት ልጅዋ ይህን እያየሁ የማደርገው አጣሁ።

አባቴ ሂርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። አንድ ምሽት እራት እየበላን ድንገት፣ «ይህን ግቢ ድንጋይ አለብሰዋለሁ። ከበሩ እስከ ማንጎው» አለ።

እናቴ ቀና አለች። «ማሎ፣ እባክህ ሰውዬ፣ መስጊድ ልትሠራ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር! አባቴ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የሚለውጥ አልነበረም።

ግንበኛውን ያገኘው እዚያው ገበያ፣ ከሱቁ አጠገብ ግድግዳ ሲሠራ ነው። ተሾመ ይባላል፤ ከወሎ የመጣ ቀጭን ወጣት። ከሲሚንቶ ወረቀት ያጠፈውን ቆብ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ መጣ። ጠፍጣፋው ድንጋይ በአጋሮ መንገድ ካለው የድንጋይ ካባ በጭነት መኪና መጣ፤ ግራጫ፣ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ተሾመ እያንዳንዱን እያነሳ፣ ፊቱን እያየ፣ ጠርዙን በመሮ እየጠረበ ይደረድራል።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ችግር መጣ። እሱ የእኛን ሥጋ አይበላም። ለብቻው ሽሮ ላቀርብለት ስል እናቴ ከአልጋዋ፣ «እንግዳ ለብቻው አይበላም። ሥራው እስኪያልቅ ሁላችንም ሽሮና ጎመን እንበላለን» አለች። አባቴም በላ፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ ከመስጊድ ሲመለስ ድስቱን ከፍቶ አይቶ ይተነፍሳል።

የጂማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐዩ ድንጋዩን እጅ እስከማያስነካ ያግለዋል፤ ከእርጥቡ አፈር ላይ እንፋሎት ይነሳል፣ ልብስ ከጀርባ ይጣበቃል። እኩለ ቀን አለፍ ሲል ከከተማው ማዶ፣ ከሰቃ በኩል ደመና ይጠቁርና ይወርዳል። ያኔ ተሾመ አሸዋውን በሸራ ሸፍኖ ወደ በረንዳው ይሮጣል። እናቴ በመስኮቱ ውስጥ፣ እሱ በረንዳው ጠርዝ፣ እኔ በሩ ላይ፤ ሻይ በዝንጅብል እየጠጣን ዝናቡን እንጠብቃለን።

«በእናንተ አገር ዝናብ እንዲህ አይደለም አሉ» አለችው እናቴ አንድ ቀን።

«በእኛ አገር ይለመናል፣ እማማ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል።»

«ሲቀር ሰው ምን ይበላል?»

«ያገኘውን። ያላገኘ ደግሞ ጂማ ይመጣል።»

እንደ ቀልድ ነበር ያለው። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «ረውዳ፣ ለልጁ ማር በዳቦ አምጪለት» አለችኝ። ማሩን ሳቀብለው ዓይኑን ከእጄ አላነሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የሰቃን ሰማይ ሆነ። ደመና ካለ ደስ ይለኛል።

ንጣፉ ሚያዝያ ሲያልቅ አለቀ። አባቴም፣ «እናትሽ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትወጣለች» አለ። ሐሙስ የጀመረው ዝናብ ግን ሲወርድ አደረ። ጠዋት እናቴ አዲሱን ሻሽዋን አስራ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እስከ ጁምዓ መጠበቅ አልቻለችም። በሩን ስከፍት የግቢው መሃል ሰሃን መስሎ ሰምጧል፤ ውሃው ተኝቶበታል። «ቆይ፣ እማዬ» ከማለቴ ምርኩዟን አሳረፈች። ሁለት ድንጋዮች መሃል ገብቶ ሰመጠ፣ እሷም አዘነበለች። በወገቧ ያዝኳት እንጂ በዚያው ዳሌዋ ነበር የምትወድቀው። ተመልሳ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተሾመ ሲመጣ አባቴ በር ላይ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሚስቴን ልትገድላት ነው?»

ተሾመ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሐጂ። አፈሩን አላወቅኩትም። በእኛ አገር ሥሩ አለት ነው፤ ይኼኛው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ከዚያ ይሸሻል። ሁሉንም አንስቼ እንደገና ልሥራው።»

«በቃኝ። ዕቃህን ውሰድ።»

ተሾመ ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አነሳ፣ ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ። ያኔ ከመስኮቱ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ወደ ግድግዳው ዞራ የነበረችው ሴት ተነስታ ተቀምጣለች።

«ሐጂ! ልጁ ይሥራው። የምወጣው እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ እጠብቀዋለሁ።»

አባቴ መስኮቱን አየ፣ ተሾመን አየ፣ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ። በእሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ከፊተኛው የባሰ ነበር። ድንጋዩን ሁሉ አነሳን። «አነሳን» የምለው እኔም ስለገባሁበት ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው የቀን ሠራተኛ በዝናቡ ተሰላችቶ ቀርቷል፤ የአፈር መሸከሚያውን ባሬላ ከኋላ የሚይዝ ሰው ጠፋ። አባቴ ሲያየኝ ፊቱን ቋጠረ፤ እናቴ፣ «ለእኔ ነው የምትሸከመው» ብላ ዝም አሰኘችው። ቀዩን አፈር እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍረን አወጣን፣ ጠጠራማ ገረጋንቲ አፈር ሞላን፣ በግንድ ጠቀጠቅን፣ ውሃ አጠጥተን እንደገና ጠቀጠቅን። ተሾመ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን እንጃ፤ የሸሚዙን ጀርባ፣ ላቡ የሠራውን ጨው፣ ከአንገቱ ሥር ያለችውን ጠባሳ ግን ዛሬም አውቃለሁ። ብዙ አናወራም ነበር። ባሬላውን ስናስቀምጥ ዞር ብሎ፣ «ከበደሽ?» ይለኛል። «አልከበደኝም» እላለሁ። መዳፌ ግን ተልጦ ነበር።

እናቴ ደግሞ በመስኮቱ ማዘዝ ጀመረች። «ውሃው በዚያ በኩል አይሄድም! ወደ ታችኛው በር ነው ልማዱ!» ስትል ተሾመ ሲባጎውን ነቅሎ ወደ ታችኛው በር አዘቀዘቀው። መንገደኛ ትጣራለች፤ ጎረቤት፣ «አዴ፣ ተሻለዎት እንዴ?» እያለ በአጥር ብቅ ይላል። እግሯ ሳይወጣ ድምጿ ወጣ።

የመጨረሻው ድንጋይ የገባ ቀን ከሰቃ በኩል የመጣው ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ አስጮኸው። አባቴም፣ ተሾመም፣ እኔም በሩ ላይ ቆመን አየን። ውሃው በድንጋዮቹ ፊት ላይ ቸኩሎ ወረደ፣ በጠርዙ ቦይ ገባ፣ በታችኛው በር ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ ግቢው ታጥቦ ያበራ ነበር። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለና የተሾመን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

በማግስቱ ፀሐይ ነበር። እናቴ ምርኩዟን በአንድ እጅ፣ እኔን በሌላው ይዛ ደፍ ላይ ቆመች። ቆማ ቀረች። ተሾመ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣ።

«እማማ፣ ልያዝዎት?»

ምርኩዟን ለአባቴ ሰጠችውና ክንዷን ዘረጋችለት። አባቴ ዓይኑን ወደ ማንጎው አዞረ። ሦስታችን ወጣን። «ሱታ፣ ልጆቼ፣ ቀስ» ትላለች፤ በየድንጋዩ ላይ ትቆማለች፣ ትመለከታለች፣ ትተነፍሳለች። ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ቀስ ብላ ሄዳ አታውቅም። ከጀርባዋ እጄ የተሾመን እጅ ነካ። አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም። ማንጎው ጋ ስንደርስ ተቀመጠች፣ አንድ የበሰለ ማንጎ ለመነችና ጭማቂው እስከ ክንዷ እየወረደ፣ እንባዋም እየወረደ በላች።

ከሰዓት በኋላ ተሾመ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሄድ በሩ ጋ ቆመ። ሸኘሁት።

«ቦንጋ ሥራ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ሲያልቅ ልመለስ አስባለሁ።»

«ምን ልታደርግ? ግቢው አልቋል እኮ።»

«ድንጋዩ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈው ላይ።»

«እንግዲያው ና» አልኩት። ዳገቱን ሲወርድ ቆቡ እስኪሰወር አየሁት።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁት። በመስከረም የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ ለልጁ ጠየቀኝ፤ አባቴም ሰጠኝ። እምቢ ልል ምን ይዤ? በእጄ ያለው እኔ ያልኩት አንድ «ና» ብቻ ነው። በጥቅምት ቡና ለቀማ ሰቃ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ስመለስ እናቴ ማንጎው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር» አለች።

ከአክስቴ ያመጣሁትን ቡና ከጭኔ አውርጄ መሬት አስቀመጥኩ።

«ስለ አንቺ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። ‹እንኳን ደስ አላችሁ› አለኝ። ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ተነስቶ ግቢውን ዞረና አንድ የላላ ድንጋይ አግኝቶ አስተካክሎ ሄደ።»

ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፀጉሬን እየደባበሰች፣ «እሱ እምነቱን አይተው፣ አንቺም አትተዪ። አባትሽም አይፈቅድ። የት ልታደርሱት ነበር?» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ዓይን የለኝም መሰለሽ? ያን ቀን ቀስ ብዬ የሄድኩት እግሬን አሞኝ መሰለሽ? ለእናንተ ነው፣ ልጄ። ሌላ የምሰጣችሁ አልነበረኝም።»

ተዳርኩ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ወደድኩት፣ ልጆች ወለድኩለት፣ አልቅሼም ቀበርኩት። እናቴ ማንጎዋ ሥር ብዙ ዓመት ተቀመጠች፤ እሷም አባቴም ሲሞቱ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ሰው ናፍቆት ሲባል ያልኖሩትን ኑሮ መመኘት ይመስለዋል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የሚናፍቀኝ እናቴ የወጣችበት ያ ጠዋት ነው፤ የምወዳቸው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በክንድ ርቀት የነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ሁሉም በአንዴ በእጄ የነበሩበት ቀን ግን ሌላ የለም።

ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ለልጄ አያቱ ከወራት በኋላ ደጅ የወጣችበትን ቀን አጫወትኩት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽሮው፣ ስለ ማንጎው። ብዙ ሳቀ። ሲጨርስ፣ «ግንበኛውስ? የት ደረሰ?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። እውነቴን ነው። የአባቱን ስም እንኳ ሳልጠይቀው ነው የሄደው፤ ወሎ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ተሾመ የሚባል ሰውም ብዙ ነው። በሕይወት ካለ አርጅቷል፤ ያ ባሬላ የተሸከመ ጉልበቱ ደክሟል። የትም ይሁን የት፣ ደጅ መውጣት ሲያምረው ክንዱን የሚይዘው ሰው አላህ አያሳጣው።