ጋሽ በሱፍቃድ ይመዝናሉ

ጋሽ በሱፍቃድ ጌም ተጫውተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ልጆቹ ለምነው ወንበር ላይ ቢያስቀምጧቸው፣ ኳሷን የገዛ ጎላቸው ውስጥ አስገብተው፣ «ገባ፣ በቃ፣» ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ስላልሞከሩ እስከ ዛሬ እንዳሸነፉ ነው የሚያውቁት። ቢሆንም በልደታ ኮንዶሚኒየም ጆይስቲክ የገዛ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ እሳቸው ፊት ይቀርባል። ጆይስቲክ ያ ልጆች በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቴሌቪዥን ላይ ኳስ የሚያንቀሳቅሱበት ዕቃ ነው። ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ የሚፈርዱት ጋሽ በሱፍቃድ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። የሚሽራቸውም አልተገኘም።

እኔ ሩሃማ ነኝ። ምድር ቤት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት አለኝ፤ ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ክስ፣ መልስና ይግባኝ ስጽፍ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰው ሲዋሽ ገና «ከሳሽ» ከሚለው ቃል ጀምሮ አውቃለሁ። ጋሽ በሱፍቃድ አይዋሹም። መከራችንም እሱ ነው፤ የሚናገሩትን ከልባቸው ያምናሉ።

ችሎታው የዘር ነው ይላሉ። ሰንጋ ተራ ስሟ ብቻ ሳይሆን ሥራዋም ሰንጋ በነበረበት ዘመን፣ አባታቸው በሬ ዳብሰው ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚወጣው የሚናገሩ ደላላ ነበሩ አሉ። እሳቸው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ አንድ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ሠርተዋል። እጅ ይወረሳል ይላሉ። ለውርስ ሲሉ ወንድማማቾች ሲካሰሱ ስንት ፋይል እንደጻፍኩ ባይነገር ይሻላል፤ እጅ ግን ያለ ክስ ይወረሳል ማለት ነው።

አመዛዘናቸው እንዲህ ነው። ጆይስቲኩን በግራ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቀጥለው ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩታል፤ ያሸቱታል፤ የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ቁልፎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። በመጨረሻም ከጉልበታቸው ከፍታ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ይጥሉታል። ከዚህ በኋላ የሚሰጡት ፍርድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ይከብዳል» ካሉ ኦርጅናል ነው፤ «ይቀላል» ካሉ ፎርጅድ ነው። ሦስተኛ ቃል የላቸውም። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሁለተኛው ቃል በጽሑፍ አንገት ከሚቀላው ሰይፍ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አስተውያለሁ፤ ከእሳቸው አፍም ሲወጣ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ዕድሜም ይቆርጣሉ። አንዱን «ሦስት ዓመት ይሄዳል»፣ ሌላውን «ክረምቱን አይሻገርም» ይላሉ። ሦስት ዓመት የተፈረደለት በሁለት ሳምንት ቢሞት፣ «አያያዝ ነው» ይሉና ሻያቸውን ይቀጥላሉ። ክረምቱን አይሻገርም የተባለው ሦስት ክረምት ቢሻገር ደግሞ፣ «አልተጫወቱበትማ» ነው መልሱ። እንዲህ ያለ መከላከያ ለደንበኞቼ መጻፍ ብችል ኖሮ ዛሬ ቪላ ውስጥ ነበርኩ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ጌም ቤት የፋይዛ ነው። ፋይዛ እናትና አባቷን ገና በልጅነቷ አጥታ፣ ከኮምቦልቻ ይዟት የመጣው ወንድሟ ሁመድ ነው። የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያስተማራት እሱ፣ ቤቱን የከፈተላት እሱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቴሌቪዥኖች በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ሲያስገባ ዓይኔ አይቷል። ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። እሱም ከእሷ ሌላ የለውም።

ባለፈው ኅዳር የፋይዛ ጆይስቲኮች አረጁ። ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጎል ፊት ቆሞ የሚመታበት ቁልፍ አይሠራም። ደንበኛ መሸሽ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሁመድ ከመንገድ መጣና ከቦርሳው ውስጥ በሸሚዞቹ የተጠቀለሉ አራት አዲስ ጆይስቲኮች አወጣ። ከጂቡቲ ነው ያመጣቸው። ፋይዛ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ጋሽ በሱፍቃድ በር ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንም አልጠራቸውም፤ እሳቸው መቼም ተጠርተው አያውቁም።

አንዱን አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይቀላል፣» አሉ።

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም እንዲሁ። ማዳበሪያው ላይ እንኳ አልጣሏቸውም፤ አላስፈለገም። ሁመድ ፈገግ ብሎ፣ ጋሽዬ ልጆቹ ይጫወቱበትና ይታይ እንጂ አላቸው። ጋሽ በሱፍቃድ ሰንጋ ታርዶ አይገዛም ብለው መለሱለት። ልጆቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ «ሹፌሩ ተሸውዷል» አለ፤ ሌላው «ፎርጅድ፣ ፎርጅድ» እያለ ጠረጴዛውን መታ።

ሁመድ ልጆቹን አልተመለከተም። የሚያየው እህቱን ነበር። ፋይዛ በደንበኞቿ ፊት ፊቷ ቀላ፤ አንድ ቃል ብላ ልጆቹን ዝም ማሰኘት ትችል ነበር።

«ሁሜ፣» አለችው፣ «ለባዳ የሚሸጥ ዕቃ ለእኔ ታመጣለህ?»

እኔ ወረቀት ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልንገራችሁ፣ እኔም በጋሽ በሱፍቃድ ፍርድ ተስማምቼ ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰውየው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አንድ ነገር ያዩ ይመስላሉ። ሁመድ ጆይስቲኮቹን አንድ በአንድ መልሶ በሸሚዞቹ ጠቀለለ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በሳምንቱ ፋይዛ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ነጋዴ አራት ጆይስቲክ ገዛች። ስሙን አልጠራም፤ ለራሴ የክስ መልስ መጻፍ አልፈልግም። ጋሽ በሱፍቃድ ገና መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው በራ። «ይከብዳል፣» አሉ። «ይኼ አራት ዓመት ይሄዳል።» ምርቃትም ጨመሩበት።

ሁመድ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልመጣም። ፋይዛ ስትደውል መንገድ ላይ ነኝ ይላታል፤ እንደ ድሮው «በልተሻል?» ብሎ አይጠይቃትም። ረመዳን ገብቶ ወጣ። ለኢድ በማለዳ ተነስታ ሳህኑን ሁሉ ደርድራ ጠበቀችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ ምግቡን ለእኛ ለጎረቤቶቿ አከፋፈለች። ለአረፋም አልመጣም። ያኔ ፋይዛ መደወሉን ትታ በየወሬው መሃል ስሙን መጥራት ጀመረች። ምን እንዳጠፋች እያወቀች፣ እንዴት እንደምትመልሰው ግን አታውቅም ነበር።

አራት ዓመት የተፈረደላቸው ጆይስቲኮች በአራት ወራቸው ማነከስ ጀመሩ። አንዱ ሞተ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ጋሽ በሱፍቃድ አያያዝ ነው አሉ። ሰኔ ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ሊጫወት መጥቶ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ሲገባበት ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ፈጠፈጠው። ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። ከውስጡ በማስቲሽ የተጣበቁ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ብረቶች ወጡ።

ብረቶቹ ከምንም ሽቦ ጋር አልተገናኙም። ሥራቸው መክበድ ብቻ ነው። ፋይዛ መፍቻ አምጥታ የቀሩትን ሦስቱንም ፈታች። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ብረት ተደረደረ። ነጋዴው የልደታ ጆይስቲክ የት እንደሚፈረድበትና በምን እንደሚፈረድበት ሰምቷል፤ ለዳኛው የሚሆነውን አዘጋጅቶ ጠበቀ። በሬ ሊሸጥ የሚወስድ ሰው ዋዜማውን ጨው አልሶ፣ ጠዋት ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ነው ገበያ የሚያወጣው። ይህን የማያውቅ የሰንጋ ደላላ የለም። የደላላው ልጅ ግን አላወቁም።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ በሱፍቃድ ዞረ። እሳቸው አንዱን ብረት አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ብረቱ ኦርጅናል ነው፣» አሉ።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የባንክ ሠራተኛው እንኳ መሸነፉን ረስቶ ሳቀ። ፋይዛ አልሳቀችም። ብረቶቹን አንድ በአንድ እየነካካች፣ «ወንድሜን በዚህ ነው የሸጥኩት፣» አለች።

በማግስቱ ቤቴ መጣች። ሁመድ ለእሷ ልቡን እንደማይከፍት፣ ሽማግሌ ካልተላከበት ነገሩ እንደማያልቅ ነገረችኝ። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር። ጋሽ በሱፍቃድ ሁመድ ፊት ቀርበው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» እንዲሉላት ብቻ ነው። ሦስት ቃል ናት፤ በነፃ እጽፍላቸዋለሁ አልኳት። ሄዳ ስትለምናቸው፣ «ጋሽዬ፣ ይሂዱልኝ» የሚለውን ብቻ ሰሙና የቀረውን ነፋስ ወሰደው። ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሁመድ መጣ። ሽማግሌ ጠርቶት የሚቀር ሰው አይደለም። ጋሽ በሱፍቃድ ኮት ለብሰው፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ከዘራ ይዘው ጌም ቤቱ ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ሁለተኛ ሽማግሌ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው። ፋይዛ ሳምቡሳና ሻይ አቅርባ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ንግግራቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ወንድምና እህት ሁለት የሚዛን ሳህኖች ናቸው አሉ። ጥፋት ፍለጋ አንገባም አሉ። እሷም ልጅ ናት፣ አንተም ቶሎ ትቀየማለህ፣ በመሃላችሁ የገባው ሰይጣን ነው አሉ። ያን ቅዳሜ ሰይጣን ቤቱ ውስጥ እንዳልነበረ እኔ ምስክር ነኝ። ፋይዛ ታየኛለች። አንድ ቃል እንድናገር ነው የምትጠብቀው። እኔ ግን ሽማግሌ አይቋረጥም በሚል ሰበብ ሳምቡሳዬን አየሁ። በሰው ውሸት እንጀራ የምበላ ሴት አንድ እውነት መናገር አቃተኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሁመድ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ጆይስቲክ አወጣ። ከአራቱ አንዱ ነው። ጥቁር ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ጠርዙ ላይ የልጅ ጥርስ ምልክት አለ። ኮምቦልቻ ያለ የሥራ ባልደረባው ሦስት ወንዶች ልጆች ሰባት ወር ሙሉ ሲቀማሙትና ሲወረውሩት እንደከረሙ ነገረን። ፋይዛ ተቀብላ ሞከረችው። ተጫዋቹ ሲነኩት ሮጠ፣ ሲለቁት ቆመ። አንድም ቁልፍ አልከዳም። ጥራት ይኸው ነው፤ ለማየት ዓይን መጨፈን አያስፈልገውም።

ሁመድ ጆይስቲኩን ወስዶ ለጋሽ በሱፍቃድ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

«ጋሽዬ፣ ይኼንንስ እንዴት ያዩታል?»

መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። አሁን ያን ሦስት ቃል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እውነት ለመናገር፣ እንዲሉት ጸለይኩ።

«ይከብዳል፣» አሉ። «ያኔ ካመጣኸው ይኼ በጣም ይከብዳል።»

ሁመድ አልተቆጣም። ወደ እህቱ ዞረ።

«እሳቸውን አልተቀየምኩም። እሳቸው የመዘኑት ጆይስቲክ ነው። አንቺ ግን እኔን መዘንሽኝ።»

ፋይዛ ስለ ደንበኞቹ አላነሳችም፤ ስለ ሰይጣንም አላነሳችም። «አዎ፣» አለች። «መዘንኩህ። ቀለልክብኝ።» እንባዋ ወረደ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ያጠረ የእምነት ቃል ግን ጽፌ አላውቅም።

ሁመድ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። ጋሽ በሱፍቃድ ከዘራቸውን አንስተው መመረቅ ጀመሩ፤ እኛም አሜን አልን፤ ሽምግልናው ተሳካ ተባለ። ዛሬ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰፈሩ እሳቸውን እየጠራ ነው፤ የማን ትዳር ስንት ዓመት እንደሚሄድ መናገርም ጀምረዋል።

ሁመድ ያን ቀን ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ሊወጣ ሲል ፋይዛ በሩ ላይ እጁን ይዛ፣ የቀሩትን ሦስቱንም እንዲያመጣላት ለመነችው። አንዱ ላንቺ ይቅር፣ ሦስቱ እዚያው ኮምቦልቻ ይሁኑ አላት።

«ለምን?» አለችው።

«ልጆቹ ሳይመዝኑ ነው የተቀበሉኝ፣» አላት።