የሼህ ይማም ዱዓ በሰባት ቁጥር

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ የሻለም የምትባል ሴት ሦስት ኮምፒውተር ያላት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረቻት። በ2005 ዓ.ም. ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው ወላጆች ኢሜይል የሚያስጽፉት እሷ ዘንድ ነው። ከከላላ በበቅሎ የሚመጡም ነበሩ።

የኢሜይል አድራሻው አንድ፣ የቤቱ ብቻ ስለነበር፣ ደብዳቤው የማን እንደሆነ የሚለየው በግርጌው ፊርማ ነው። ፊርማውም ስም ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ወላጅ ደብዳቤውን የሚዘጋው በዱዓ ነው፤ ክርስቲያኑም በምርቃት። የሻለም ይህን ሁሉ በየጊዜው መጻፍ ሲታክታት ብራውዘሩ ላይ አጭር ቁልፍ አበጀች። «አልት» የሚለውን ቁልፍ ይዛ አንድ ቁጥርን ስትነካ የእንቁ እናት ምርቃት ከነስማቸው ይወርዳል፤ ሁለትን ስትነካ የአዩብ አባት ዱዓ። እስከ ስድስት ድረስ ቁጥሩ ሁሉ ባለቤት ነበረው።

እምቢ ያሉት ሼህ ይማም ብቻ ናቸው።

«እኔ ማህተም ነኝ እንዴ በአንድ ጣት የምትመቺኝ?» ይሏት ነበር። ቁርአን የሚያቀሩ፣ ደረሳ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ሳዑዲ ላለችው ልጃቸው ለአሚራ በየሳምንቱ አዲስ ዱዓ ያስጽፋሉ።

በጥቅምት ሼህ ይማም ሞቱ። በሳምንቱ ሚስታቸው ኸዲጃ ብቻቸውን መጡ።

«የሻለምዬ፣ ለአሚራ እንዳትነግሪብኝ። መርዶ በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ማን ይይዛታል? በሰኔ የሥራ ውሏ ያልቃል፤ ስትመጣ ሽማግሌ ይነግራታል። እስከዚያው በሱ ስም ጻፊ።»

«እንዴት አድርጌ እትዬ?»

«ሲያስጽፍሽ እንደነበረው ነዋ!»

ደብዳቤውን ኸዲጃ እየተናገሩ ጻፈችው። ዱዓ መፍጠር ግን ፈራች። የሟቹን የመጨረሻ ዱዓ ከድሮው ኢሜይል ገልብጣ ሰባት ቁጥር ላይ አኖረችው። አራት ሳምንት ሰባትን እየነካች ላከች። በአምስተኛው የአሚራ መልስ መጣ።

«አባ፣ ዱዓህ አራት ጊዜ ቃል በቃል አንድ ነው። አንተ ደግመህ አታውቅም። አሞሃል? ወይስ የሚያስጽፈው አንተ አይደለህም?»

ይህን ሲሰሙ ኸዲጃ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«አዲስ ጻፊላት።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እትዬ፤ የሼህ ዱዓ ከየት አመጣለሁ?»

«ስንት ዘመን ሰምተሽዋል። ጻፊ!»

ጉሙ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ነበር። የሻለም የመጀመሪያውን ቃል አስባ ጻፈች፤ ሁለተኛውን ሳታስብ። ከዚያ በኋላ ጣቶቿ ቀደሟት። ሲያቆሙ የጻፉትን አነበበችላቸው፤

«የኔ ጤዛ፣ ያ ረቢ እግርሽ የረገጠውን ሁሉ አማን ያድርገው። ከእንቅልፍሽ ስትነቂ በራስጌሽ ያለሁት እኔ ነኝና አትፍሪ።»

ኸዲጃ ከወንበሩ ተነሱ። «ጤዛ ብለሽ ጻፊ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። እንዲሁ መጣልኝ።»

«ሰው ፊት እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ቤት ውስጥ፣ ሦስታችን ብቻ ስንሆን ነው።»

«ላጥፋው እንዴ?»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ላኪው» አሉ በመጨረሻ።

የሻለም ሰባት ቁጥርን ሰረዘችው፤ ከእንግዲህ አላስፈለገም። የኸዲጃ ቀን ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ቀኝ እጇ ይቀዘቅዛል። ባሏ በፍቃዱ እጇን ሲነካ «ከጉድጓድ ያወጣሽው ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷ ግን አትስቅም። በየሳምንቱ የሚወርደው ዱዓ አንድም ቀን ራሱን አልደገመም። ትርጉሙን የማታውቀው የዐረብኛ ቃልም ይገባበት ጀመር። ኸዲጃ ግን እየሰሙ በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በግንቦት አሚራ እንዲህ ብላ ጻፈች፤

«አባ፣ ሞተህ የደበቁኝ መስሎኝ ነበር። ጤዛ ስትለኝ ጊዜ አልቅሼ አልቅሼ ወጣልኝ። አሁን ልቤ ረግቷል። ማዳም ብትለምነኝ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈረምኩ። አንተ ካለህ ምን ያስቸኩለኛል? ዱዓህን ብቻ አታቋርጥብኝ።»

የሻለም አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ ኸዲጃን ማየት አቃታት።

«እትዬ፣ በራሴ ስም እውነቱን ልጻፍላት።»

«ፈርማለች እኮ። አሁን ብትሰማ ማን ይለቃታል? እዚያው ታብዳለች።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ኸዲጃ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡ። ገና ምንም ያልተጻፈበትን ነጩን ገጽ፣ ሰው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ያህል፣ አተኩረው አዩት።

«እንግዲህ ሁለት ዓመት አይሞትም» አሉ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ ለየሻለም ሳይሆን፣ በቀስታ ጨመሩ፤

«ሰማህ አይደል?»