የሻሹ ቋጠሮ

መካኒኩን ሰፈርተኛው የሚያውቀው «ባለጆሮው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። መኪና ገና ከጋራዡ በር ሳያልፍ ጭስ የሚተነፍስበትን ቦታ በድምፁ ብቻ ይናገር ስለነበር ስሙ ወጣለት። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲጮህበት የኖረው ያ ጆሮ ግን ከደከመ ሰነባብቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእሱማ ጭራሽ ባዳ ሆኖበታል።

ይህን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት። ጋራዡ ጥግ ላይ ብሎንና ፊውዝ ትሸጣለች። ሞተር ሲነሳ ነገር ለማየት የመጣች መስላ ጠጋ ትላለች፤ የትንፋሽ ድምፅ ከሰማች የሻሿን ቋጠሮ ጠበቅ ታደርጋለች፣ ካልሰማች እጇን አታነሳም። ይህች ገመና ከወጣች ደንበኛ ሁሉ እንደሚሸሸው ስለሚያውቅ፣ ሰውዬው ከሞተሩ ይልቅ የሚያየው ሻሿን ነው።

አንድ ቀን ባለታክሲ ሄደር ገዝቶ መጣ፤ ፋብሪካው የገጠመለትን ድፍን የጭስ ማውጫ ብረት አስፈትቶ በአራት ረጃጅም ቧንቧዎች ሊያስቀይር። ባለጆሮው በሥራ ቀልድ አያውቅም። ጭስ እንዳያመልጥ በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባው አሮጌ ጓርኒሲዮን ተጣብቆ የቀረበትን የሞተሩን ፊት ፍቆ አጸዳ። የሄደሩን ፊት መስታወት ላይ አስተኝቶ አለመጣመሙን አየ። አዲስ ጓርኒሲዮን መሃል አስገብቶ ብሎኖቹን ሁሉ በጣቱ አስያዘ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እየሄደ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ።

«አንዱን ብቻ ካጠበቅህ ሌሎቹ ያኮርፉብሃል» አለው ባለታክሲውን።

ሞተሩ ተነሳ። ሚስቱ ጠጋ አለች፤ እጇ አልተነሳም። ባለጆሮው እፎይ ብሎ ጨርቁን ሲያነሳ፣

«ጋሼ፣ ጭጭጭ ይላል እኮ!» አለ ባለታክሲው ጮክ ብሎ።

ባለጆሮው የእጁን ጀርባ በውኃ አርሶ፣ ብረቱን ሳይነካ በመገጣጠሚያው አጠገብ አሳለፈው። ዳር ያለው ቧንቧ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ቆዳውን መታው።

«እትዬ፣ እርስዎም አልሰሙትም? እንዲህ እየጮኸ?» አለ ባለታክሲው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ሴትዮዋ ክው አለች። ዓይኗ ከሞተሩ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ መሬት ሄደ። ያኔ ገባው። የእሷም ጆሮ ደክሟል፤ ማወቋ ደግሞ ገና አሁን ነው። ለራሱ ጆሮ እንኳ እንዲህ አላዘነም።

«እሷማ ምልክት ሰጥታኛለች» አለ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «ደንቆሮው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሠራሁት በእሷ ጆሮ ነው። መኪናህን ሌላ ቦታ ብትወስድ አልቀየምህም።»

ባለታክሲው አንዴ እሱን፣ አንዴ እርጥብ እጁን አየ።

«እጅዎ አገኘው አይደል? ታዲያ እኔ ጆሮ ምን ያደርግልኛል!» ብሎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ባለጆሮው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ብሎኖቹን ደግሞ አጠበቃቸው። እንደገና ሲነሳ እጁን አሳለፈ፤ ምንም የለም። ከዚያ የሚስቱን እጅ ይዞ በውኃ አራሰና እሱንም በዚያው አሳለፈው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የምትሰሚልኝ» አላት።

ባለታክሲው መኪናውን አስነስቶ ከወጣ በኋላ ሚስቱ አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ፣

«እኔ እኮ ምልክት አልሰጠሁህም» አለችው።

«አልሰማሁሽም» አላት።