ኩፖኔን ደብቄ የሰው ሂሳብ ከፈልኩ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ጥር፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነው። ተራ ነገር ነው፤ የሞተ የለም፣ የተጎዳም የለም። ግን ስለ ራሴ ማየት የማልፈልገውን ያየሁበት ቀን ስለሆነ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የምሠራው በስደት በምኖርበት አገር፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። በዚያ ሰሞን መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ፤ ቀጥሎ ከሳምንቱ አንድ የሥራ ቀን ተቀነሰብን። ባለቤቴ ሰናይት እንደ እኔ በነገር የምትብሰለሰል ሴት አይደለችም። ኪራዩም የመኪናው ኢንሹራንስም እንደማይቀንስ ስታይ «የሚቀነሰው አስቤዛ ብቻ ነው» ብላ የእሁድ ጋዜጣ ገዛችና ውስጡ የሚወጡትን የዋጋ ቅናሽ ኩፖኖች ልትቆርጥ መቀስ አነሳች።

እኔ ግን ኩፖን የሚባል ነገር ገና ስሙን ስሰማ ይቀፈኛል። በልጅነቴ ኩፖን ማለት የቀበሌ ስኳርና ዘይት ነበር። ሰልፍ፣ ግፊያ፣ ተራህ ሲደርስ ደግሞ «አልቋል» መባል። «ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ተመልሼ ወደ ኩፖን?» አልኳት። ሰናይት መቀሷን ሳታስቀምጥ «እንግዲያው ኩራትህን ቀቅዬ ላቅርብልህ» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ኩፖኖቹን በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። ቤት ውስጥ ወተትም እንቁላልም አልቋል። ደሞዝ የሚገባው በሳምንቱ ነው፤ ካርዴ ላይ የቀረው የዚያን ቀን አስቤዛ ብቻ የሚችል ነበር። ሰፈራችን ያለው ሱቅ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋበትም። ስለዚህ ማንም እንዳያየኝ ብዬ ሌላ ከተማ፣ ፕሊማውዝ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ለቁጠባ ስል ቤንዚን አቃጠልኩ ማለት ነው።

ጋሪዬን ሞልቼ ሰልፍ ስይዝ ከፊቴ አንድ አዛውንት በስልክ ትግርኛ ያወራሉ። ስልኩን ዘግተው ዞር አሉና ፊቴን አይተው በአማርኛ «ሰላም ነህ ወደይ፣ ልጄ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል?» አሉኝ። ከሰው ሸሽቼ መጥቼ ሰው እጅ ወደቅሁ! ፖስታውን ቶሎ ብዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሰላምታውን መለስኩ። ስማቸው ኢድሪስ ነው፤ በኋላ አቦይ ኢድሪስ እያልኩ መጥራት ለምጃለሁ።

ዕቃቸውን ሳይ ግር አለኝ። ሩዝ፣ ቱና፣ የልብስ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ስምንት የጥርስ ሳሙና። አንድ ሽማግሌ ስምንት የጥርስ ሳሙና ምን ያደርግላቸዋል ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ስካን አድርጋ ጨርሳ ሂሳቡን ነገረቻቸው። አቦይ ኢድሪስ የካፖርታቸውን ኪስ ዳሰሱ። የሱሪያቸውን ዳሰሱ። እንደገና ካፖርታቸውን። «ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ። ከኋላችን የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ የእኒያን አዛውንት መጨነቅ አይቼ ገንዘብ እንዳጠራቸው አልተጠራጠርኩም።

እኛ ዘንድ «ልክፈል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መክፈል ያልፈለገ ሰው ነው። የሚከፍል ቀድሞ ይነጥቃል። እኔም በትከሻቸው በኩል እጄን አሳልፌ ካርዴን በክፍያ ማሽኑ ላይ ታፕ አደረግሁት። ማሽኑ ጮኸ፣ ደረሰኙ ወጣ። የራሴ አስቤዛ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አቦይ ኢድሪስ ዞር ሲሉ በእጃቸው የመነጽር ማኅደር ይዘዋል። ውስጡ በሥርዓት የታጠፉ ኩፖኖች ተደርድረዋል።

«ምንድነው ያደረግከው?»

«ምንም አይደል አባቴ፣ ይተዉት» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

«ምኑን ነው የምተወው? ኩፖኑ ስካን ሳይደረግ! ሴል፣ የዋጋ ቅናሹ፣ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ አንተ ሙሉውን ፉል ፕራይስ ትከፍላለህ? ማን ለምኖህ?»

ገንዘብ ተቀባይዋ የተጣላን መስሏት ትተዋወቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እሳቸው «አሁን ተዋወቅን» አሏት በእንግሊዝኛ፣ ሳይስቁ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይሉ የለ? ጋሪዎቻችንን እየገፋን ዕቃ ወደሚመለስበት ጠረጴዛ ሄድን። ስምንቱ የጥርስ ሳሙና አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንደገና በኩፖን ተገዛ። መጨረሻ ላይ የከፈሉት ጥቂት ከመሆኑ የተነሳ የጠረጴዛው ሠራተኛ ራሱ ሳቀ። የእኔ ገንዘብ ግን ወደ ካርዴ የሚመለሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው ተባልኩ።

ጋሪዬን ቀስ ብዬ ወደ ጎን ገፋሁትና «በሉ አባቴ፣ ደህና ይዋሉ፣ የረሳሁት ነገር አለ» ብዬ ልወጣ ስል ጋሪውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ካርድህ አልበቃም?»

«ኧረ ይበቃል! አለኝ!»

ፖስታው ከኪሴ ግማሹ ወጥቶ ኖሯል። ሳይጠይቁኝ መዘዙት። አፌን ስከፍት «አንተም አልጠየቅከኝም» አሉ።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰናይትን ወረቀቶች ዘረጓቸው። «ይሄ ቀኑ አልፏል። ይሄ የሚለው ትልቁን ጠርሙስ ነው፣ አንተ ትንሹን ይዘሃል። ይሄን ልጆችህ ይበሉታል?»

«አይ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው እንጂ…»

«የማይበላ ነገር ርካሽ አይባልም። መልሰው።»

አንዱ ኩፖን የሱቁ፣ ሌላው ዕቃውን ያመረተው ፋብሪካ መሆኑን፣ ሁለቱንም በአንድ ዕቃ ላይ መጠቀም እንደሚቻል አስረዱኝ። ለመጀመር አንድ ሱቅ ብቻ ልመድ፣ ቤትህ የሚበላውን ብቻ ቁረጥ አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይሄኛው ወረቀት ግን ቀኑ ሲደርስ ይለቅሃል» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አማርኛቸው እንደገረመኝ ስነግራቸው «አስመራ ተማሪ ሳለሁ በአማርኛ ነው የተገረፍኩት፣ እንዴት እረሳዋለሁ?» አሉ። አማርኛ ጽሑፍ ካገኙም የዕቃ መጠቅለያም ቢሆን ሳያነቡ እንደማያልፉ ነገሩኝ።

አብረውኝ ተመልሰው ተሰለፉ። ኩፖኖቼ ስካን ተደረጉ፤ የእኔም ሂሳብ ዓይኔ እያየ ወረደ። ሆኖም የቀረውን ካርዴ አይችለውም። አቦይ ኢድሪስ ብር ሲያወጡ እጃቸውን ያዝኩ። «በፍጹም! አይሆንም!»

«ልቀቅ።»

«አባቴ፣ በእግዚአብሔር…»

«አንተ ስትከፍልልኝ ደግ ሰው ነህ። እኔ ስከፍልልህ ምን ልትሆን ነው?»

ሰው ሁሉ እያየን ነበር። ቤት ወተት የለም። እጃቸውን ለቀቅሁና «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ፊቴ ነደደ፤ ገንዘብ ተቀባይዋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ዕቃቸውን እስከ መኪናቸው ይዤላቸው ሄድኩ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ቆም አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገንዘብ እንደቸገረኝ በምን አወቅህ? ምን አየህብኝ?»

«ምንም። አባቴን ስለመሰሉኝ ነው» አልኩ።

አየት አደረጉኝና «አላህ ይስጥህ» ብለው በሩን ዘጉ።

ስልክ ተለዋውጠን ነበርና ገንዘቡ ወደ ካርዴ ሲመለስልኝ የከፈሉልኝን ወሰድኩላቸው። እሳቸው «ጎበዝ» ብለው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ቀለል ያለ ነገር ነበር ለእሳቸው። ዛሬም ደውለው «ወደይ፣ ዘይት ሴል ነው፣ ቶሎ ድረስ» ይሉኛል። ሰናይት ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ታምናለች። መኪናቸው ጋ የጠየቁኝን ያንን ጥያቄ ግን ዳግመኛ አንስተውት አያውቁም። እኔም እንደተመለሰ ነገር ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ግን ያሳፍረኛል።

ይህንንም ያነቡት ይሆናልና መልሱን እዚህ ልጻፈው።

አቦይ ኢድሪስ፣ እርስዎ አባቴን አይመስሉም። በመልክም በጠባይም አይመስሉትም። ያን ቀን ችግረኛው እኔ ነበርኩ፤ ያንን ለራሴ ማመን አቅቶኝ ከእኔ የባሰ ሰው በዓይኔ ስፈልግ እርስዎን አገኘሁ። ይቅር ይበሉኝ።