አስር ላይ፣ ሸዋሮቢት

ማክሰኞ፣ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል

ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሸዋሮቢት የተነሳሁት ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ ነው። ለግማሽ ሰዓት ወሬ ግማሽ ቀን መጓዝ የሥራዬ ጠባይ ነው። የምሠራበት ድርጅት ገበሬዎችን ከውጭ አገር ገዢዎች ጋር ያገናኛል፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚም፣ ካሜራ ያዥም፣ ቀጠሮ አስያዥም ነኝ። የዛሬው ጉዳይ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ነው። በሸዋሮቢት ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ማሾአቸውን ሰብስበው መጋዘን አስገብተዋል። አምና ገዢ ጠፍቶ ሲጠብቁ ግማሹን ነቀዝ በልቶባቸዋል። ዘንድሮ ጃካርታ ያለ አንድ ነጋዴ የማኅበሩን ሊቀመንበር ጋሼ እንድሪስን አነጋግሮ፣ ማሾውንም በቪዲዮ አይቶ ሊወስን ነው። ከስብሰባው ቀጥሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል፤ ዛሬ ካልተገናኘን ከሌላ አገር እገዛለሁ ብሏል።

ይህችን ሰዓት ለማግኘት ሳምንት ሙሉ ስጻጻፍ ከርሜያለሁ። ለገዢው ጠዋት ሲመች በርሊን ላለችው አለቃዬ ሌሊት ይሆናል። ለአለቃዬ ከሰዓት ሲመች እሱ እራት ላይ ነው። በመጨረሻ የተስማማንባትን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፦ ጃካርታ 20፣ በርሊን 14፣ ቢሮ 16፣ ሸዋሮቢት 10። ቢሮአችንና ሸዋሮቢት ያው አንድ ሰዓት ናቸው፤ ግን ቢሮ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሰዉ በሐበሻ። በዚህ ስሌት ተሳስቼ አላውቅም፤ ትንሽም እኮራበታለሁ።

ለጋሼ እንድሪስ እሁድ ደወልኩላቸው። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለነበር ጮክ ብዬ፣ «ማክሰኞ! አስር ላይ! ሸዋሮቢት!» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ አስር ላይ፣ ኢንሻአላህ» አሉና ተቋረጠ።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ

አጠገቤ የተቀመጠችው ካራቆሬ የምታስተምር መምህርት ናት። ብጣሽ ወረቀቴን በየጊዜው እያወጣሁ ሳይ ታዘበችኝና፣ «የሎተሪ ቁጥር ነው?» አለችኝ።

«የስብሰባ ሰዓት ነው።»

«አራት ስብሰባ?»

«አንድ።»

ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። ቀናሁባት። እኔ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ስልኬ ኔትወርክ አጣ። ያች ጥቂት ደቂቃ እንኳ በሰላም አላስቀመጠችኝም።

ደብረ ሲና ላይ ሹፌሩ፣ «አስር ደቂቃ!» ብሎ ወረደና ግማሽ ሰዓት ቁርሱን በላ። ጉሙ የሱቆቹን በር ሸፍኗል። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ የሃምሳ ብር ቆሎ ገዛሁና አውቶቡሱን እየዞርኩ ቆረጠምኩ። ቆሎ ሻጯ፣ «ምነው እታለም፣ ጠላት አለብሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ጠላቴ ሰዓቱ ነው።

ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። በየጠመዝማዛው ሙቀቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ጃኬቱ ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ሸዋሮቢት ስንደርስ ሁሉንም እንደ ሕፃን ታቅፌ ወረድኩ።

ሸዋሮቢት፣ አምስት ሰዓት ተኩል

የመረጥኩት ሆቴል ኢንተርኔት አለው የተባለውን ነው። ባለቤቷ እትዬ ዘሀራ ፀጥ ያለ ክፍል ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ ለጋሼ እንድሪስ ደወልኩ፤ «እየመጣሁ ነው» አሉኝ። ምሳ ቀረበልኝ፤ ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ ግን ግማሹን ተውኩት። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። ወንበሩን ከመስኮቱ አራቅኩ፤ ጋሼ የሚቀመጡበትንም አዘጋጀሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ድምፅ ስሞክር አዛን ተሰማ። መስኮቱን ዘጋሁና፣ ከስብሰባው በፊት ማለቁ ደግ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ለጋሼ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። አምስት ጉዳይ ላይም ዝግ ነው። አለቃዬ ገባች፤ ልክ አስር ሰዓት ላይ ገዢው ገባ፤ ክራባት አስሯል፤ ከኋላው ሻንጣው ይታያል። «ሊቀመንበሩ አንድ አፍታ» አልኩ። ሳቄ ለራሴም አስጠላኝ። ማይኩን ዘግቼ ወደ በረንዳው ሮጥኩ።

እትዬ ዘሀራ ሂሳብ ትተው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ እንድሪስ ቀሩብኝ። አስር ላይ ብዬ ቀጥሬያቸው ነበር!»

«አስር ላይ ነው ያልሽው? ሰዓት ሳትዪ?»

«አዎ፣ አስር ላይ።»

እጃቸውን አጨበጨቡ። «አስር እኮ ተሰገደ፣ ልጄ! የኛ ሰው አስር ላይ ካልሽው የአስር ሶላት ነው። መስጊድ ሰግዶ ደጁ ላይ ይጠብቅሻል እንጂ እዚህ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ጃካርታን፣ በርሊንን፣ ፈረንጁን፣ ሐበሻውን አስታርቄ አንዲት ቃል ላይ ወደቅኩ። ባጃጅ አስቆምኩና ስልኬን ከስብሰባው ጋር አገናኝቼ እየበረርኩ ሄድኩ።

መስጊዱ ደጅ

ጋሼ እንድሪስ የግንቡ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ አንዲት ትንሽ ጆንያ ጭናቸው ላይ። ሲያዩኝ ተነሱ።

«ጋሼ፣ የት ነበሩ? ስልክዎ ዝግ ነው!» ጮኽኩባቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ለሶላት አጥፍቼው ረስቼዋለሁ። ከአስር ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ ልጄ። አንቺ ነሽ የዘገየሽው» አሉኝ፤ ቁጣ የለባቸውም።

መመለሻ ጊዜ አልነበረም። የባጃጁን ሹፌር ሞተሩን አስጠፍቼ ጋሼን እዚያው ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸውና ስልኩን ዘረጋሁላቸው። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ገዢው ፊቱ ፈካ፤ «ወአለይኩም ሰላም» አለ። ለምን እንደዘገየን ስነግረው ሳቀ። «አስር» የምትለዋን ቃል መተርጎም አላስፈለገኝም፤ እሱ ራሱ የማታውን ሶላት፣ ኢሻን፣ ሰግዶ ነው የተቀመጠው።

የቀረን አስራ ሦስት ደቂቃ ነበር። ጋሼ ጆንያዋን ፈትተው ማሾውን ፎጣቸው ላይ አፈሰሱት። ቀዳዳ ያለው ፍሬ አለ ወይ ሲባሉ በጣታቸው እየበተኑ ለካሜራው አሳዩ። «አምና የሆነውን አልደብቅም፤ ነቀዝ በልቶብናል። ዘንድሮ ግን እያንዳንዱን ኩንታል ራሴ አይቻለሁ፤ ወላሂ» አሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ገዢው ሰዓቱን አየ፤ እኔም አየሁ። ከዚያ፣ «የመጀመሪያውን ጭነት እወስዳለሁ፤ ስለ ቀሪው በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር» አለና ሻንጣውን አንስቶ ተሰናበተን።

ጋሼ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። «አልሀምዱሊላህ» እያሉ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያዋ መለሱ።

ሻይ ልጋብዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። «የመጨረሻዋ ሚኒባስ ሳታመልጠኝ ልሂድ። ምናልባት ጎረቤቴ ትንሽ አስተርፎልኝ እንደሆነ።»

«ምን?»

«ውሃ ነዋ። የመስኖው ተራዬ ማክሰኞ ነው፣ በየስምንት ቀኑ። ሽንኩርቱ ዛሬ ሊጠጣ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ቀኑን እንቀይረው ነበር!»

«መች ጠየቅሽኝ? አስር ላይ አልሽ፤ መጣሁ።»

ይህንንም ያለ ቁጣ ነው ያሉት። በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ አፈር፣ ሽንኩርቱ ሌላ ስምንት ቀን ሊጠማ ነው።

ሐሙስ፣ አዲስ አበባ

ረቡዕ ተመለስኩ። ዳገቱን ስንወጣ ሹራቡንም ጃኬቱንም መልሼ ለበስኩ። አውቶቡሱ ደብረ ሲና ረጅም ቆመ፤ ከወንበሬ አልተነሳሁም። በዚያች ሳምንት የተጻጻፍኩትን ሁሉ በሐሳቤ ደገምኩት። ገዢውን ሦስት ጊዜ፣ «ይመችዎታል?» ብዬዋለሁ። አለቃዬን የልጇን የትምህርት ቤት ሰዓት ሳይቀር ጠይቄያታለሁ። ጋሼ እንድሪስን ግን አሳወቅኳቸው እንጂ አልጠየቅኳቸውም። ገበሬ ነው፣ ሁልጊዜ አለ ብዬ ነበር መሰለኝ። ማሾው የሳቸው ነው፤ ለሳቸው ጊዜ ግን ወረቀቴ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሐሙስ ቢሮ ስገባ የአለቃዬ መልእክት ይጠብቀኛል፦ «የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት ይሁን።» ሳልመልስላት ሸዋሮቢት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ለእርስዎ የቱ ቀን ይመቻል?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ለኔ ነው ያልሽው?»

«ለእርስዎ።»

«እንግዲያ ረቡዕ፤ ማክሰኞ ሽንኩርቱን ላጠጣ።»

ለጃካርታም ለበርሊንም «ረቡዕ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም በሩብ ሰዓት ውስጥ እሺ አሉ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።