ጭቃ ውስጥ ያገኘናቸው ፓስተር

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮቿን የምታመሰግንበት ቀን ነበር። ወጣቶቹ ፓስተራችንን ጋቢ አለበሷቸው፣ ኬክ አስቆረሷቸው፣ በስልካቸው ፎቶ አነሷቸው። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ ዐይናቸው ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው። እኔም አጨብጭቤ፣ የደረሰኝን ኬክ በልቼ ወደ ታቦር ተራራ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ግን ሌላ ፓስተር ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ምላሴ ከጣቶቼ የሚፈጥን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ ፓስተር ዮናስ ሁለት ወር ታስረው የተፈቱበት ሰሞን ነው። ደመወዝ የላቸውም። ሦስት አራት ሰው ቤታቸው ከገባ ቀበሌው “ስብሰባ” ይለዋል። እንዲያም ሆኖ መንገድ ላይ ስናገኛቸው “እናትሽ ተሻላቸው?” እያሉ የሚያጽናኑን እሳቸው ናቸው። እኛም ተጽናንተን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሳቸውን የምንጠይቅበት መላ የተገኘው ፒያሳ ጨርቅ ከሚሸጡት ከእትዬ ማርታ ነው። “ጸሎት ቢከለከል ጭቃ አልተከለከለም” አሉን። “የፓስተር ቤት ግድግዳ በክረምቱ ረግፏል። ደቦ ወጥተን እንመርጋለን።” ደቦ ደግሞ መንግሥት ራሱ ጠዋት ማታ በሬዲዮ የሚሰብከው ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጭድና አካፋ ይዘን ሃያ ያህል ሆነን ደረስን። ፓስተር ዮናስ በር ላይ ቆመው ጭዱንና አካፋውን አዩ። እኔ ባልዲ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ሻንጣ በገመድ ታስሯል፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል።

“ሰኞ ወደ አገራችን ልንገባ ነው” አሉኝ ባለቤታቸው ቀስ ብለው። “ለማንም አልነገረም።”

ለካ የምንመርገው ሰዎቹ ጥለውት የሚሄዱትን ቤት ነው። ስወጣ ፓስተሩ ለይሉኝታ ብለው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃ ይረግጣሉ። አጠገባቸው ገባሁ።

“ሻንጣውን አየሁት። ለምን አልነገሩንም?”

“እናንተ የከበዳችሁን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ” አሉኝ እግራቸውን እያዩ። “ፓስተር ለማን ይነግራል፣ ልጄ?”

ያ ፈጣን ምላሴ ምስጢሩን አልያዘም። ለእትዬ ማርታ ሹክ አልኳቸው። እሳቸው ንግግር አላደረጉም፤ ሰዉን አንድ በአንድ እየጠሩ ወደ ጭቃው ላኩት። እያንዳንዱ ከፓስተሩ ጎን ለጎን እየረገጠ የልቡን ነገራቸው፣ ደግሞም የእሳቸውን ጠየቃቸው። አንዱ አባቱ ሲሞቱ አብረውት ማደራቸውን አነሳ። አንዷ “ከባሌ ያስታረቁኝ እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ወልጃለሁ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው” ብላ አሳቀቻቸው። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ በጭቃ እጃቸው ሲጠርጉት ፊታቸውም አብሮ ተመረገ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የደረሱት ይሄኔ ነው። “ምን ስብሰባ ነው?”

“ደቦ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር” አሉ እትዬ ማርታ።

ሊቀመንበሩ ቤቱን ዞረው፣ ግድግዳውን ዳበስ አደረጉት። “የኅብረት ሥራ ማለት ይሄ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የቀበሌውን መጋዘን ትመርጋላችሁ።” ከዚያ በጭቃ ብዛት ማንም ወደማይለየው ሰው ጠቆሙ። “አንተ ኃላፊያቸው ነህ። አንድም ሰው እንዳይቀር።”

ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ “ኃላፊያችን” ፓስተር ዮናስም እኛም ጭቃ መርገጣችንን ቀጠልን። ከዚያማ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ከሐይቅ ዳር የመጣውን የተጠበሰ ዓሣ በሚለበልብ የቃሪያ ዳጣ እያጠቀስን ስንበላም ሳቁ አልቆመም።

ሰኞ ሻንጣው ተፈታ። መጋዘኑን መረግን፣ ከዚያ ቢሮውን፣ ከዚያ አጥሩን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምእመኑ ከነፓስተሩ በቀበሌ ትእዛዝ ይሰበሰብ ጀመር። ያስቀሯቸው ሊቀመንበሩ ናቸው እያለ የሚቀልድ ነበር። እኔ ግን ያስቀራቸው የልባቸውን መጠየቃቸው እንደሆነ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ተራ ገብተን ቤታቸው የጎደለውን እናይ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የዛሬው ፓስተራችን ቢሮ ሄድኩ።

“እማማ፣ ስለ ምን ልጸልይልዎ?” አሉኝ ወንበር እየሳቡ።

“ዛሬ የመጣሁት ለእኔ አይደለም። እርስዎን ልሰማ ነው።”

ተነሥተው በሩን ዘጉና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

“ከየት ልጀምር?” አሉ።