በቆዳ የተሰፋው ዲስክ

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ የኮምፒዩተር መጠገኛ ቤት ውስጥ፣ አባቴ ለዓመታት ያልተነካ የቆዳ ስፌት በምላጭ ፈታ። ከውስጡ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ወጣ። ዲስኩ ላይ የአያቴ መንዙማዎች ተጽፈዋል፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

የእርጥብ ቆዳና የሻገተ ቅቤ ሽታ ጠረጴዛውን ሲሞላው፣ የእኔ ሐሳብ ወደ ልጅነቴ የኮምቦልቻ ቤታችን ሄደ።

አባቴ ያኔ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ፣ ከጨርቁና ከሽቶው መሀል፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል ያለበት የቤት ኮምፒዩተር ይዛ መጣች፤ ለልጆች ጨዋታ ብላ ነበር፣ ነገር ግን እኛ አንድ ቀን እንኳ ሳንጫወትበት አባቴ ወረሰው። አያቴ በደሴ ዙሪያ የታወቁ መንዙማ አውጪ ነበሩ። አባቴ ድምፃቸውን በቴፕ ሊቀዳ ሲል "ድምፄ ያለ ጀመዓ አይቀመጥም" ብለው እምቢ አሉ፤ መጻፉን ግን ፈቀዱ። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነውና፣ ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት መልስ እሳቸው ስንኙን እያሉለት አባቴ በኮምፒዩተሩ ይጽፍ ጀመር።

ፍርሃትን የተማርኩት በእነዚያ ቀናት ነው። ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን ወደ ዲስኩ ሳያስተላልፍ መብራት ከሄደ፣ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይሆናል፤ አያቴ ደግሞ አንዴ ያሉትን አይደግሙም። ስለዚህ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ እናቴ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ትነቅላለች፣ ዶሮ እንኳ ወደ ገመዱ ብትጠጋ ቤቱ በሙሉ "ኡሽ!" ይላል። የማይደነግጡት አያቴ ብቻ ነበሩ።

"ይህ ዕቃችሁ ቁርኣን ቢቀራበት አይደነግጥም፣ ጨለማ ግን ይፈራል" ብለው ይስቃሉ።

እሳቸው ከሞቱ በኋላ ወደ ደሴ ወጣን። የደሴ ጭጋግ ግድግዳ ያሻግታል። አባቴ ለዲስኩ ሰግቶ ክታብ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ወሰደው፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሰውየው ዲስኩን አገላብጦ አየው።

"ለምን በሽታ ነው?"

"ለመርሳት" አለ አባቴ።

"እንዲያ ከሆነማ ጠበቅ ይበል" ብሎ፣ ቆዳውን ቅቤ አጠጥቶ አለሳልሶ፣ ዙሪያውን አጥብቆ ሰፋው።

ከዚያ ወዲህ ከአባቴ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ኖረ። ይከፈት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በሕይወቴ ብዙ የተዘጋ በር አንኳኩቻለሁ፤ ያንን ስፌት ግን እፈራው ነበር፤ ካልተከፈተ ባዶ መሆኑ አይታወቅም። በቅርቡ አባቴ የአያቴን የመጨረሻ መንዙማ አወጣለሁ ብሎ አዝማቹን ካለ በኋላ ስንኙ ጠፋው። አያቴ መንዙማ ሲያወጡ አዝማቹን ይቀበሏቸው የነበሩት ሁሉ አልፈዋል፤ የሚያስታውሰው ሰው አልተገኘም። አባቴ ራሱ "ይከፈት" አለ።

ጠጋኙ ኑሩ የዲስኩን መዝጊያ ገፋ አድርጎ በብርሃን አየው። ነጭ ሻጋታ ነበረበት። ጭጋጉ አልገባም፤ ዲስኩን ያሻገተው ቅቤ የጠጣው ቆዳ ነው።

"አብሽሩ፣ ጋሽ ሰይድ" ብሎ አባቴን አጽናናው።

የድሮው ማሽን ከሞተ ቆይቷል። ደግነቱ ዲስኩን ፒሲም ያነበዋል፤ የተለያዩትን የፊደል ኮዶች የሚያዛምድ ሠንጠረዥም ኑሩ አስቀድሞ አዘጋጅቷል። አስጊው ነገር ሌላ ነው፤ ሻጋታው ማንበቢያው ሥር ባለፈ ቁጥር ዲስኩን ይፍቃል። ኑሩ በአልኮል የቻለውን ያህል አጽድቶ አስገባው። መንዙማዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ረስቶ፣ ፊቱን ከስክሪኑ ሊያጋጭ ምንም ሳይቀረው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበባቸው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ከማሽኑ ውስጥ የመፋቅ ድምፅ ተሰማ። ኑሩ አቆመው።

"ጋሽ ሰይድ፣ ልቀጥል ወይስ ለሌላ ባለሙያ ይቆይ? ወላሂ፣ ከዚህ በኋላ ቃል አልገባም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ባለሙያው እስኪገኝ እኔ ብሞትስ?" አለ። "ቢስሚላህ በልና ቀጥል።"

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዲስኩ ጨርሶ መነበብ አቆመ። ከመጨረሻው መንዙማ አዝማቹ ወጥቷል። ከእሱ በታች ያለው ስንኝ አልወጣም።